ከተመረቅን በኋላስ? የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የመጀመሪያ ሥራ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ጁሙዓ በመጣ ቁጥር ልቡ ለሚከብደው ወጣት ነው። የሚከብደው ሶላቱ አይደለም። ከሶላቱ በኋላ መስጂዱ በር ላይ የምትጠብቀው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «እህ ልጄ፣ ሥራ ያዝክ?»

ሰቃን የምታውቁ ይህን ወጣት ታውቁታላችሁ። ሰቃ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። አባት ቡናውን፣ እናት ቅቤዋንና እንቁላሏን እየሸጡ ልጃቸውን አስተማሩ። ልጁ ተመረቀ፤ ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያያል፤ መጨረሻው ላይ «የሥራ ልምድ 2 ዓመት» ይላል። ሥራ ለማግኘት ልምድ ይጠይቁታል፤ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ ያስፈልገዋል። ቀስ በቀስ ከሰው መሸሽ ይጀምራል። ኢማሙ እንዳሰላመቱ ጫማውን አንስቶ ቀድሞ ይወጣል። ሲብስ ደግሞ ደላላ ያገኘዋል፤ በኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ስለ መግባት ያወራዋል።

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህ ወጣት አንተ ወይም አንቺ ብትሆኑ አላህ አልረሳችሁም። ነገር ግን ዛሬ የምንሰማት ሱረቱል ጁሙዓ ራሷ የምታስታውሰን ነገር አለ። አላህ (ሱ.ወ.) በጁሙዓ አዛን ሲባል ንግዱን ትተን ወደ ዚክሩ እንድንሄድ አዘዘን። ሶላቱ ሲፈጸም ግን በምድር ላይ እንድንበተንና ከችሮታው እንድንፈልግ፣ እሱንም በብዛት እንድናወሳ ነገረን። ስለዚህ ከመስጂድ ወጥቶ ሪዝቅ መፈለግም የጁሙዓ ትምህርት አካል ነው።

እንዴት እንፈልግ? በሱረቱል ቀሰስ ውስጥ ሥራ የሌለው የአንድ ወጣት ታሪክ አለ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ናቸው።

ሙሳ (ዐ.ሰ.) ያደጉት በፊርዓውን ቤት ነው። ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ሥራ የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ የሚያውቃቸው ሰው የለም። ውሃው ዘንድ ሰዎች ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ አገኙ። ከነሱ ራቅ ብለው ሁለት ሴቶች በጎቻቸውን ከልክለው ቆመዋል። ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው። እረኞቹ እስኪሄዱ ማጠጣት እንደማይችሉ፣ አባታቸውም በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ እንደሆኑ ነገሯቸው። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ዋጋ ሳይደራደሩ አጠጡላቸው። ከዚያ ወደ ጥላ ዞር ብለው ለጌታቸው ችግራቸውን ነገሩት፤ ከእሱ ዘንድ ለሚወርድ መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ መሆናቸውን ገለጹ።

ብዙም ሳይቆይ ከሁለቱ አንዷ በሐያእ እየተራመደች መጣች። አባቷ የድካማቸውን ዋጋ ሊከፍሏቸው እንደሚጠሯቸው ነገረቻቸው። በኋላም ልጅቷ አባቷን እንዲቀጥሯቸው መከረች። ምክንያቷም አጭር ነበር፦ ከሚቀጠር ሰው ሁሉ የሚበልጠው ብርቱና ታማኝ የሆነው ነው። ሽማግሌውም ከሴት ልጆቻቸው አንዷን ሊድሩላቸው፣ እሳቸውም 8 ዓመት ሊያገለግሉ ተስማሙ፤ 10 ቢሞሉት ከራሳቸው በጎነት ይሆናል።

ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፦ መጀመሪያ ችሎታቸው ታየ፤ ቅጥሩ በኋላ መጣ። ልጅቷ ብርታታቸውን ያወቀችው ሲናገሩ ሰምታ ሳይሆን ሲሠሩ አይታ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰበቡን አደረሱ፣ ከዚያ ዱዓ አደረጉ። ተወኩል ማለት ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ተወኩል ሲያስተምሩን በወፍ መሰሉልን፤ ያቺ ወፍ ጠዋት ተርባ ትወጣለች፣ ማታ ጠግባ ትመለሳለች። ጎጆዋ ውስጥ ሆና የጠገበች ወፍ አልነገሩንም።

ሦስተኛ፦ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደጉት ሙሳ (ዐ.ሰ.) በግ መጠበቅን አልናቁም። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን «ዲግሪ ይዤ እንዴት ይህን እሠራለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለን የቀረልንን እንጀራ የገፋነው?

አራተኛ፦ ሚዛኑ ሁለት ነው፤ ብርታትና አማና። ብርታት በእረኝነት ጉልበት ነው፤ በሒሳብ ሥራ መዝገብ አስተካክሎ መያዝ ነው፤ በሕክምና የታመመን ሰው ሳይሳሳቱ ማከም ነው። አማና ደግሞ አሠሪህ ሳያይህም እንዳየህ ሆኖ መሥራት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ፎርጅድ ዲግሪ ወይም በገንዘብ የተገዛ የሲኦሲ ወረቀት ሁለቱንም ያሳጣሃል። ብርታቱ የለህም፤ አማናውን ደግሞ ገና ከበሩ አፍርሰኸዋል። በዚያ ወረቀት የምትበላው ደመወዝ ሐላልነቱ ያስፈራል።

የኛ ደረሳዎች ይህን ያውቁታል። ደረሳ አገር አቋርጦ ሸይኽ ዘንድ ይቀመጣል፣ ያገለግላል፣ ይቀራል። ኢጃዛ የሚያገኘው ሸይኹ በጆሯቸው ሰምተው፣ አርመው፣ አደቡን አይተው ሲመሰክሩለት ነው። ኢጃዛ ማለት የሰው ምስክርነት ነው። ዛሬ ብዙ ተመራቂ የጎደለው ይህ ነው፤ ወረቀት አለው፣ «ሲሠራ አይቼዋለሁ» የሚል ሰው ግን የለውም።

ታዲያ ትምህርት ከንቱ ነው ማለት ነው? በፍጹም! በጓሮአችን ያለውን ቡና እንይ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን የሚያበሰብስ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። በጅማ መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጡ። ገበሬው ዛሬ 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ከነዚያ መካከል ናቸው፤ 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ. ነው። የተማረ ሰው እግሩን ጭቃ ውስጥ ሲያስገባ የስንት ቤተሰብ ሪዝቅ ሰበብ እንደሚሆን ተመልከቱ።

ወደ አጋሮ ስንሻገር ደግሞ በጎማ ወረዳ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር አለ። የአካባቢው ቡና ለዓመታት ጀንፈል ሆኖ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ በዓለም ገበያም «ጅማ 5» በሚል ዝቅተኛ ደረጃ ይታወቅ ነበር። ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደራጁ፤ ሠለጠኑ፣ ተበድረው የማጠቢያ ማሽን ተከሉ። ቀይ እሸቱን ብቻ መልቀም፣ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ ጉድለት ያለበትን ፍሬ መልቀም ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ቀማሾች በዳኙት ውድድር ቡናቸው ከአፍሪካ ምርጥ ተባለ። መሬቱ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። የተለወጠው እጁ ነው፤ እውቀትና አማና ገባበት። አረንጓዴውን ከቀዩ የማይቀላቅል ለቃሚ ታማኝ ነው፤ የመፍላቱን ሰዓት የሚያውቅ አጣቢ ደግሞ ብርቱ ነው።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ?

• የቡና ወቅትን አታሳልፉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማጠቢያ ጣቢያዎች ሰው ይፈልጋሉ። ሒሳብ የተማርክ፣ የገበሬውን እሸት በትክክል መዝኖ በትክክል የሚጽፍ ሰው ለማህበሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታውቃለህ። መካኒክ ወይም ኤሌክትሪክ የተማርክ፣ መፈልፈያው በሌሊት ሲቆም የሚጠራው ሰው አንተ ሁን። ግብርና የተማርሽ እህቴ፣ ያረጀ ቡና እንዴት እንደሚጎነደል መጀመሪያ በአባትሽ ማሳ ላይ አሳዪ፤ ጎረቤት አይቶ ይጠራሻል። የቡና ቅምሻም ለእህቶቻችን ክፍት የሆነ ሙያ ነው።

• ስምምነታችሁ ግልጽ ይሁን። ሽማግሌው ለሙሳ (ዐ.ሰ.) ዓመቱን ቆጥረው ነገሯቸው። እናንተም «ለዚህ ወቅት፣ በዚህ ክፍያ፣ ይህን ልማር» ብላችሁ ተነጋገሩ። ሲያልቅም የሠራችሁትን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ቅድም ያልነው ምስክርነት ይኸው ነው።

• 12ኛ ክፍል ላይ የቀራችሁ፣ በር አልተዘጋም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱ 100 ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 4 አይሞሉም ነበር። ቴክኒክና ሙያ ግቡ። የትብብር ሥልጠና ተብሎ ወደ ድርጅት ስትላኩ ፊርማ አስፈርማችሁ አትመለሱ፤ ድርጅቱ ስትለቁ የሚቆጨው ሠልጣኝ ሁኑ።

• ገና ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ምረቃን አትጠብቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ በማስተማር ይታወቃል። ወደ ቀበሌ ስትላኩ ለማርክ ብቻ አትሂዱ። እዚያ የምታገኟቸው ሰዎች ነገ የሚመሰክሩላችሁ ናቸው።

አሁን ደግሞ ለአባቶችና ለባለሀብቶች አንዲት ቃል አለን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ልጆች ለአባቶቻችሁ አንብቡላቸው። ጥፋቱ ሁሉ የወጣቱ አይደለም። የመድየኑ ሽማግሌ ያላወቁትን እንግዳ ጠርተው ለአንዴ ማጠጣት እንኳ ዋጋ ሊከፍሉ ፈለጉ፤ ዘራቸውን ሳይሆን ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን አይተው ቀጠሩ። የቡና አቅራቢ ሆይ፣ የጋራዥ ባለቤት ሆይ፣ የማህበር ሊቀመንበር ሆይ! በዘንድሮው ወቅት አንድ ወጣት ውሰዱ። «ልምድ የለህም» ብላችሁ ከመመለስ ልምድ የሚሰጡ ሁኑ። «እየተማረ ነው» ብላችሁ ላቡን በነጻ አትውሰዱ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈል አዝዘዋል። ክፍት ቦታ ሲኖርም ለአክስት ልጅ ብቻ አትደብቁት። አማና ማለት ይህም ነው።

መስጂድ በር ላይ የምትጠይቁ ታላላቆቻችንም «ሥራ ያዝክ?» የምትለዋን ጥያቄ ለዛሬ እንቀይራት። «ልጄ፣ ምን ትችላለህ? ከማን ጋር ላገናኝህ?» እንበለው። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ወጣቱን ከመስጂድ ታሸሸዋለች። ሁለተኛዋ ለአንድ ቤተሰብ ሪዝቅ ሰበብ ልትሆን ትችላለች፤ አጅሩም ለጠያቂው ነው።

አንተም ወንድሜ፣ ዛሬ ኢማሙ ሲያሰላምቱ ተሯሩጠህ አትውጣ። ተቀመጥ፣ ዚክርህን ጨርስ፣ እንደ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ችግርህን ለጌታህ ንገር። ከዚያ ቀና ብለህ ውጣና የሚጠጣ ያጣ በግ የት እንዳለ ፈልግ።

አላህ ሆይ! ለወጣቶቻችን ሐላልና በረካ ያለው ሪዝቅ ወፍቃቸው። እውቀታቸውን ጠቃሚ፣ እጃቸውን ብርቱ፣ ልባቸውን ታማኝ አድርግላቸው። ባሕር ላይ ያሉትን ጠብቃቸው፤ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶችን ዓይን በደስታ አርጥብ። አሚን።

ይህን መልእክት ሥራ ለሚፈልግ አንድ ወዳጃችሁና ሥራ ሊሰጥ ለሚችል አንድ ሰው አድርሱልን።