በእኔ ተራ አልጠፋችም

በአንድ ደጋ አገር የሚኖሩ ሰዎች ከብቶቻቸውን በአንድነት ያስጠብቁ ነበር አሉ። መንጋው ሁለት መቶ ገደማ ነው። እረኞቹ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ቦታ አላቸው፤ አንዱ የጠዋቱን ጨፌ፣ አንዱ ወንዙን፣ አንዱ የከሰዓቱን ተረተር። መንጋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይውላል፤ ተራው ያለቀ እረኛም ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ማታ የአንዲት ባልቴት ዳለቻ ጊደር በረት ሳትገባ ቀረች። ሲነጋ ጅብ ያስተረፈው አጥንቷ ገደል ሥር ተገኘ። ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው እረኞቹን አስጠሩ።

«በእኔ ተራ አልጠፋችም» አለ የጠዋቱ።

«እኔም ሳስረክብ ነበረች» አለ የወንዙ።

«ለእኔስ ማን ቆጥሮ አስረከበኝ?» አለ የተረተሩ።

ባልቴቷ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። «አባቶቼ፣ ካሳ አልጠይቅም። እነዚህ ልጆች ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» አለች።

የጠዋቱ እረኛ «ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀር ነበር» አለ። የወንዙ «ውኃ ዳር ደርሳ ሳትጠጣ ተመለሰች» አለ። የተረተሩ ትንሽ ዝም ብሎ «ሁለት ጊዜ ተኝታ አስነሣኋት። ለግማ መስሎኝ ዱላ አቀመስኳት» አለ።

«ሰኮናዋን ያየ አለ?» ብለው አንዱ ሽማግሌ ቢጠይቁ መልስ ጠፋ። ሦስቱም የየድርሻቸውን አይተዋል፤ አንዱ ያየውን ግን ሌላው አልሰማም። እሾህ የወጋት መሆኑን ለመጠርጠር የሦስቱ ወሬ አንድ ላይ መምጣት ነበረበት።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ «ከእንግዲህ መንጋው ለአራት ይከፈል። ለየክፋዩ ሦስት እረኛ ይመደብ፤ ዓመቱን ሙሉ እነዚያው ሦስቱ እነዚያኑ ከብቶች ይጠብቁ። ማታም ሳይበተኑ በረት ደጃፍ ተቀምጠው እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ያዩትን ይነጋገሩ።»

በዚያ ዓመት አነከሱ የተባሉ ከብቶች በዙ። ሰዉ በመጀመሪያ መዓት የወረደ መስሎት ደነገጠ። ቀድሞም ያነክሱ እንደነበርና የሚነግር እንዳልነበረ የገባው ኋላ ነው።

ወሬው ማዶ ካለው መንደር ደረሰ። እነሱም መንጋቸውን ለአራት ከፈሉ። ለየክፋዩ አለቃ ሾሙ፤ አለቃውም በየሳምንቱ ጭቃ ሹሙ ዘንድ እየቀረበ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። የማታውን መቀመጥ ግን «ይመሽብናል» ብለው ተዉት። ክረምት ሲገባ ጅብ ጊደር በላ። አራቱ አለቆች ዋርካ ሥር ቀርበው «ከእኔ ክፋይ አይደለችም» አሉ።

የእረኞቹ ነገር የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ነገርም ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መምህር ነው። ሰባተኛ ላይ ግን ለየትምህርቱ ሌላ መምህር አለው፤ በ40 ደቂቃ ይለዋወጣሉ፤ ያውም ድምፁ በሚጎረንንበት፣ ጠርተው ቢያስነሡት በሚያፍርበት ዕድሜ። የሂሳብ መምህሩ የቤት ሥራ መሥራት ማቆሙን ያያል። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ኋላ ወንበር መሄዱን ታያለች። የሳይንስ መምህሩ ማንቀላፋቱን ያያል። ሦስቱ ወሬዎች የሚገናኙት ሴሚስተር ሲያልቅ ሮስተር ላይ ነው፤ ያኔም ቁጥር ሆነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1909 በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ጁኒየር ሃይስኩልን ሲጀምሩ ለዚህ ዕድሜ የራሱ ቤት መስጠታቸው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ቤቱ እንደ ትልቁ ሃይስኩል ሰፊና ባይተዋር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ካርኔጊ ኮርፖሬሽን የተባለው ተቋም ያወጣው ጥናት ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በውስጣቸው ወደ ትንንሽ ማኅበረሰቦች እንዲከፈሉ መከረ። በተግባር አራት ወይም አምስት የዋና ዋና ትምህርቶች መምህራን ከ100 እስከ 150 የሚሆኑ ተማሪዎችን በጋራ ይይዛሉ፤ የጋራ ትርፍ ክፍለ ጊዜም ይሰጣቸዋል። ሥራው ያለው በዚህችው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው።

እኛም መቧደን አልጎደለንም። 1 ለ 5 የሚባለው የተማሪዎች አደረጃጀት የነበረበትን ዘመን ያየ መምህር ያውቀዋል፤ ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ጎበዙ ተማሪ መሪ ተባለ፣ ቅጹ ተሞልቶ ወደ ላይ ሄደ። በብዙ ቦታ የቀረው ተቀምጦ ስለ ልጁ መነጋገሩ ነው።

ዛሬ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ተለይተዋል። ፕሮግራም የሚያወጣው ምክትል ርዕሰ መምህር እነዚያኑ አራት መምህራን ለ7ኛ ኤ፣ ቢ እና ሲ ቢመድብና በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ለአራቱም አብሮ ባዶ ቢያደርግ ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። ቀላል አይደለም፤ መምህር በሚያጥርበት ትምህርት ቤት ያቺን ክፍለ ጊዜ ማግኘት ከሌላ ክፍል መንጠቅ ነው። ከተገኘች ግን ለስብሰባ አትዋል። ርዕሰ መምህሩም ሲጨርሱ ቃለ ጉባኤ አይጠይቃቸው፤ የትኛውን ልጅ ስም እንደጠሩና ነገ ማን እንደሚያነጋግረው ይጠይቃቸው።