ዕቃን መግዛትና የዕቃ ባለቤት መሆን

ሰው አንድን ዕቃ በገንዘቡ በገዛ ጊዜ የሚገዛው ምን ያህሉን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ማረሻ የገዛ ገበሬ ቢፈልግ ያርስበታል፤ ቢፈልግ ደግሞ አስቀጥቅጦ መጥረቢያ ያደርገዋል፤ ብረቱን የሸጠለት ሰው መጥቶ «ያለ ፈቃዴ ስለ ምን ለወጥኸው?» ቢለው ጎረቤት ሁሉ ይሥቅበታል። በዘመናችን ከሚሠሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ ግን እንደ ማረሻ አይደሉም። አካላቸው በገዢው ቤት ይቀመጣል፤ የሚታዘዙት ግን ለሠሪያቸው ነው። እንግዲህ ባለቤት የሚባለው ማነው? ዕቃውን በቤቱ ያኖረው ነው ወይስ በሩቅ ሆኖ የሚያዘው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥነው ምሳሌ የልጆች መጫወቻ ነው። አንባቢ ነገሩን እንዳይንቀው እንለምናለን፤ ትልቅ ነገር በትንሽ ዕቃ ላይ ሲታይ ይበልጥ ግልጥ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

«ዊ» የተባለው የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ ኔንቴንዶ በሚባለው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከ100 ሚሊዮን በላይም ተሸጧል። ስሙ መጫወቻ ይባል እንጂ በውስጡ ያለው እውነተኛ ኮምፒዩተር ነው፤ የዋናው አንጎል ፍጥነት 729 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለሥራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ 88 ሜጋባይት፣ ቋሚ ማከማቻው ደግሞ 512 ሜጋባይት ነው። ነገር ግን ይህ ኮምፒዩተር የኩባንያው ማኅተም የሌለበትን ፕሮግራም እንዲቀበል አልተፈቀደለትም። ከዋናው አንጎል ጎን አንድ ሌላ ትንሽ አንጎል በር ጠባቂ ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚገባውን ሁሉ እያስቆመ በቍጥር የተሠራውን ማኅተም ይመረምራል።

ኩባንያው ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድን ጨዋታ ለማዘጋጀት ብዙ ሰዎች ለብዙ ጊዜ ይደክማሉ፤ በሩ ክፍት ቢሆን ድካማቸውን ማንም በነጻ እየገለበጠ ይወስደዋል። ሆኖም ያው መዝጊያ ሌባውን ብቻ አይደለም የሚከለክለው፤ በገዛ ዕቃው ላይ በገዛ እጁ የጻፈውን ፕሮግራም ሊሞክር የሚፈልገውን ተማሪ ጭምር ይከለክለዋል። መዝጊያ ሰውን ከሰው አይለይምና።

በ2007 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በበርሊን በተደረገው የኮምፒዩተር አዋቂዎች ጉባኤ ላይ ጥቂት ወጣቶች ራሳቸው የጻፉትን ፕሮግራም በዊ ላይ ሲሠራ አሳዩ። ዋና መሣሪያቸው ወረንጦ ነበር። በወረንጦው የማስታወሻውን መስመሮች አገናኝተው፣ እንዳይታይ የተከለከለውን ክፍል አነበቡ፤ ከዚያም ውስጥ የምስጢሩን ቍልፎች አገኙ። በር ጠባቂውም ራሱ ጕድለት ነበረበት። የሁለት ማኅተሞችን ቍጥር የሚያነጻጽረው እንደ ተራ ጽሑፍ ነበር፤ በዚያ ዐይነት አነባበብ ደግሞ ዜሮ ማለት «ጽሑፉ አለቀ» ማለት ነው። ስለዚህ በዜሮ እንዲጀምር ተደርጎ የተዘጋጀ ሐሰተኛ ማኅተም ሲቀርብለት የቀረውን ሳያነብ «ትክክል ነው» እያለ ያሳልፍ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመሣሪያውን አካል መፍታት እንኳ የማያስፈልግበት መንገድ ተገኘ። «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ትዋይላይት ፕሪንሰስ» በተባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ለፈረሱ ስም ያወጣል። ወጣቶቹ የፈረሱ ስም ከተመደበለት ቦታ እጅግ የረዘመበትን የጨዋታ መዝገብ አዘጋጁ፤ ስሙ ሲነበብ ከቦታው ሞልቶ በአጠገቡ ወዳለው ማስታወሻ ፈሰሰ፤ መሣሪያውም የፈሰሰውን እንደ ትእዛዝ ቈጥሮ ፈጸመው። እነሆ፣ በብዙ ወጪ የታነጸው ግንብ በአንድ ፈረስ ስም ተከፈተ።

በዚህ መንገድ በግል የሚጻፈውን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ «ሆምብሩ» ይሉታል፤ ፍችውም በቤት የተጠመቀ ማለት ነው። ለእኛ ስሙ እንግዳ አይደለም። የቤት ጠላ የጠመቀች እመቤት ከፋብሪካ ጋር ለመፎካከር አታስብም፤ ብቅሏንና ጌሾዋን ታውቃለች፤ የሚጠጣላትንም ሰው ታውቃለች። ጠላው ቢኮመጥጥ ግን የምትከስሰው ፋብሪካ የላትም። ብዙዎች የሚስቱት ይህን የመጨረሻውን ነገር ነው ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ግን «መክፈቱስ ተገቢ ነውን?» ለሚለው መልስ እንስጥ። በአሜሪካ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን የኮምፒዩተር መዝጊያ ማለፍን ይከለክላል፤ ዳሩ ግን በየሦስት ዓመቱ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥባቸው ጉዳዮች ይመረመራሉ፤ በ2021 ዓ.ም. ለምሳሌ የተበላሸውን የጨዋታ መሣሪያ የዲስክ ማንበቢያ ለመጠገን ሲባል መዝጊያውን ማለፍ ተፈቀደ። በዚያው አገር በ2022 ዓ.ም. የተሰረቁ ጨዋታዎችን የሚያስከፍት መሣሪያ እየሸጠ ይነግድ ከነበረው ማኅበር አባላት አንዱ የ40 ወር እስራት ተፈረደበት። ከሁለቱ ውሳኔዎች የምንረዳው ሕግ ራሱ መለየት መጀመሩን ነው። የራስን ክፍል ከፍቶ መግባትና በዚያው ቍልፍ የጎረቤትን ጎተራ መክፈት አንድ አይደሉም። እኛም ይህን ልዩነት እንቀበላለን። የገዙትን ዕቃ ለመማርና ለመጠገን መክፈት ተገቢ ነው፤ የሌላውን ድካም በነጻ ለመውሰድ መክፈት ስርቆት ነው። ኩባንያው በ2019 ዓ.ም. የዊን የጨዋታ መሸጫ ክፍል ዘግቶታል፤ መሣሪያው ዛሬም የሚያገለግልባቸው ቤቶች ቢኖሩ ከከፋቾቹ ሥራ የተነሣ የሚያገለግሉም አሉባቸውና፣ መክፈት ሁሉ ማፍረስ አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ክርክሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን መብት ያለው መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ያታለለንንም ነገር ሳንደብቅ እንናገራለን።

ለአንዲት የዘመድ ልጅ ፊደል ማስተማሪያ የሚሆን ፕሮግራም በአሮጌ ዊ ላይ ለመጻፍ ተነሣን። ልጅቱ መቈጣጠሪያውን ወደ ቴሌቪዥኑ ስትጠቍም ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ፊደሉ በተራ እንዲታያት ነበር ሐሳባችን። መሣሪያው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ እያንዳንዱን እንደ ሥዕል አድርገን ማቅረብ ነበረብን። በቅድሚያ «ዶልፊን» በሚባለው፣ የዊን ጠባይ በተራ ኮምፒዩተር ላይ በሚያስመስለው ፕሮግራም ሞከርነው፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ታየ። ደስ ብሎን ወደ እውነተኛው መሣሪያ ወሰድነው። በዚያ ግን «ሀ» ግማሹ ጠፍቶ፣ በ«ለ» እግር ላይ የሌላ ሥዕል ስብርባሪ ተለጥፎ ወጣ።

በመጀመሪያው ምሽት ጥፋቱ የማስታወሻ ካርዱ ነው ብለን ካርዱን ለወጥነው። በሁለተኛው ምሽት የቴሌቪዥኑን ገመድ ከሰስን። በሦስተኛው ምሽት መሥሪያዎቹን ጽፈው በነጻ የሰጡንን የማናውቃቸውን ሰዎች «ምን ዐይነት ሥራ ነው!» እያልን ወቀስን። በየምሽቱ ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ እየለወጥን ስለምንሞክር ነገሩ ቢሻሻልም ቢባባስም ምክንያቱን ማወቅ አልቻልንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነብን።

በአራተኛው ቀን ቍጣውን ትተን በሥርዓት ጀመርን። የመሣሪያውን ቋሚ ማከማቻ በሙሉ «ቡትሚ» በሚባለው ፕሮግራም ገልብጠን አስቀመጥን፤ በዚያ ቦታ የሚደረግ ስሕተት መሣሪያውን ከጡብ የማይሻል ግዑዝ ሊያደርገው ይችላልና። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን፣ ያየነውን እየመዘገብን፣ ፕሮግራሙን በግማሽ በግማሽ እየቈረጥን ፈተንን። ምክንያቱም ተገኘ። የዊ ዋና አንጎል የጻፈውን ወዲያው ወደ ትልቁ ማስታወሻ አይልክም፤ ለጊዜው በአጠገቡ ባለው ትንሽ ማስቀመጫ ይይዘዋል። ሥዕል የሚያወጣው ክፍል ግን የሚያነበው ከትልቁ ማስታወሻ ነው። «የያዝኸውን አስረክብ» የሚል የአንድ መስመር ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ሥዕል አውጪው የሚያገኘው በቦታው የቈየውን የቀድሞውን ነገር ነው። ያንን መስመር ያልጻፍነው እኛው ነን። ዶልፊንም አልዋሸንም፤ ያንን ትንሽ ማስቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያስመስለው ስሕተታችን በእርሱ ዘንድ ሊታይ አልቻለም።

ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ቢበላሽብን ኖሮ ወደ ሻጩ እንመልሰው ነበር። መዝጊያውን ከፍተን «ባለቤቱ እኛ ነን» ካልን በኋላ ግን የሚመለስበት ቦታ የለም። የባለቤትነት የመጀመሪያው ፍሬ ደስታ አይደለም፤ የሚያሳብቡበት ሰው ማጣት ነው። እኛ ግን ሦስት ምሽት ሙሉ ባለቤትነቱን እንደ ያዝን ጥፋቱን ለሌላ ለማስረከብ ስንደክም ነበር።

ከዚህ የሚብስም አለ። ፊደሉን በሥዕል የሚያወጣውን ክፍል እኛ አልጻፍነውም፤ ሌላ ሰው ጽፎ «ስሜን ከላይ ጠብቃችሁ በነጻ ተጠቀሙበት» ብሎ ከሰጠው ሥራ የቀዳነው ነበር። ስንቀዳው ግን በራሱ ላይ የነበሩትን መስመሮች «አላስፈላጊ ናቸው» ብለን ቈርጠን ጣልናቸው፤ ከስሙ ጋር። ጥፋቱን ካገኘን በኋላ ወደ መነሻው ተመልሰን ብናይ፣ ከስሙ በታች አንድ አጭር ማሳሰቢያ አገኘን። ሥዕሉን ከማውጣት በፊት አንጎሉ የያዘውን እንዲያስረክብ ማዘዝን አትርሱ ይል ነበር። አራት ቀን የፈለግነው መልስ የሰውዬውን ስም በፋቅንበት እጅ የተፋቀ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልን። ኩባንያውን የምንነቅፈው ዕቃውን ሸጦልን ሲያበቃ የውስጡን አሠራር ስለ ዘጋብን ነው። እኛም ስም ፍቀን ፕሮግራሙን ለሌላ ብንሰጥ ኖሮ ያንኑ ማድረጋችን ነበር። ከእኛ የሚቀበለው ሰው ችግር ቢገጥመው ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስምን መፋቅ መዝጊያ መግጠም ነው፤ እንዲያውም የባሰ ነው፤ መዝጊያ እንኳ በዚያ በር መኖሩን ያሳያል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በ2025 ዓ.ም. በሚያዝያ ታየ። በዊ ላይ የቤት ፕሮግራሞችን የሚያስነሣውን «ሆምብሩ ቻነል» የተባለውን ዝነኛ ሥራ ያዘጋጁት ሰዎች ሥራው እንዲቆም መዝገቡን ዘጉት። እነርሱ እንደ ገለጡት፣ ሥራቸው የቆመበት «ሊብኦጂሲ» የተባለው መሠረት ከኔንቴንዶ መሥሪያዎች የተወሰደ ነገር ያለበት መሆኑን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ በኋላ ግን «አርቴምስ» ከተባለው፣ በነጻ ከሚሰጠው የሥርዓት ፕሮግራም ጭምር የደራሲዎቹ ስም ተትቶ የተቀዳ ክፍል አገኘንበት አሉ። በዚያ ጠብ ውስጥ ለመፍረድ እኛ ዳኞች አይደለንም። ነገር ግን አንባቢ ያስተውል፤ አርቴምስ በነጻ የተሰጠ ነው፤ ዋጋው ገንዘብ አልነበረም፤ ከተጠየቀው አንዱ ስም ማክበር ነበር። ለተዘጋው በር ብዙ የተከራከረ ሰው ክፍት ለሆነው በር ምስጋና ሲነፍግ ከመክፈት መብቱ ላይ ራሱ ይቀንሳል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን ይህንን ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባለቤት ማለት ዕቃውን በቤቱ ያኖረው ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም ብቻ አይደለም። ባለቤት ማለት ስለ ዕቃው ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው። ዕቃው ሲበላሽ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» የሚል፣ ዕቃው ሲያምር ደግሞ «ይህን ያስተማረኝ እገሌ ነው» የሚል ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚሸሽ ሰው በሩን በወረንጦ ቢከፍተውም እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

ይህም በጨዋታ መሣሪያ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የበታቹ ያዘጋጀውን ሪፖርት በራሱ ስም ፈርሞ የሚያቀርብ ሹም፣ ከሌላ መጽሐፍ ያገኘውን የራሱ አስመስሎ የሚያስተምር መምህር፣ ከጓደኛው የቀዳውን መልስ ይዞ «ጥያቄው የተሳሳተ ነው» የሚል ተማሪ፣ ሁሉም የያዙት አካሉን ነው። ነገሩ የተበላሸ ዕለት ወደ ምንጩ የሚመለሱበት መንገድ የላቸውም።

እኛ የፋቅነውን ስም ከነማሳሰቢያው በፕሮግራሙ ራስ ላይ መልሰን ጽፈነዋል። ልጅቱ አታየውም፤ በቴሌቪዥኑ ላይ አይወጣምና። እርሷ አሁን «መ» ላይ ደርሳለች።