ስለ ባልቴት ልብስ

ልብስ ለሰው ሦስት አገልግሎት ይሰጣል፤ ብርድና ሐሩርን ይከላከልለታል፥ ዕርቃኑን ይሰውርለታል፥ ማን እንደ ሆነም አፉን ሳይከፍት ይናገርለታል። በፊተኞቹ በሁለቱ ላይ ክርክር አይነሣም፤ ኮረዳዪቱን የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ባልቴቲቱንም ያንቀጠቅጣታልና። ክርክሩ የሚነሣው በሦስተኛው ላይ ነው። ሴት በዕድሜ እየገፋች ስትሄድ ልብሷ ስለ እርሷ ምን ሊናገር ይገባዋል? ይህንስ የሚወስን ማን ነው?

በኢትዮጵያ ደጋ አገር የሴት ልብስ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። የነጠላዋ ጥለት ወደ አንገት ከተመለሰ ኀዘን እንዳለባት፥ ነጠላዋን መስቀለኛ ካጣፋች ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ፥ ከል ከለበሰች የቅርብ ዘመድ እንደ ሞተባት ያየ ሁሉ ያውቃል፤ መጠየቅ አያስፈልገውም። ይህ መልካም ወግ ነው፤ ኀዘንተኛዪቱን ከጨዋታ፥ ተሳላሚዪቱን ከመንገድ ወሬ ያሳርፋታልና። ዳሩ ግን ከዚህ ጋራ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ተዳብሎ ይኖራል፤ ይኸውም ሴት ልጆቿን ከዳረች፥ ይልቁንም ባሏን ከቀበረች በኋላ፥ የቀሚሷ ጥለት እየጠበበ፥ ቀለሙ እየደበዘዘ፥ ድሪዋና ጕትቻዋም ከሣጥን ሳይወጣ ሊኖር ይገባዋል የሚል ነው። ይህን ሕግ የደነገገ ጉባኤ የለም፤ ዳኛው ግን በየደጁ ተቀምጧል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላት፥ ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት የሆናት አንዲት ባልቴት አለች ይባል። የልጅ ልጇ ሊዳር ሲቃረብ ጥጡን ራሷ ዳምጣ፥ በደጋን አስነድፋ፥ ክረምቱን ሁሉ በእንዝርት ስትፈትል ከርማ ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ሰጠች። (ቀጭን ፈትል በልምድ የሚገኝ ነውና፥ ዛሬ የፋብሪካ ክር ቢበዛም፥ ስንት ሙሽራ ያጌጠችበት ጥበብ ከባልቴት እንዝርት እንደ ወጣ የሚቈጥር የለም።) ሸማኔውም ቀይና አረንጓዴ ያለበት ሰፊ ጥለት ጣለበት። በሠርጉ ዕለት ማለዳ ለብሳው ከጓዳ ስትወጣ ሴት ልጇ ደንግጣ፥ «እማዬ፥ በዚህ ዕድሜሽ! ሰው ምን ይላል?» አለቻት። ባልቴቲቱ አልተከራከረችም። ተመልሳ ገብታ የዘወትሩን ነጭ ለበሰች፤ በዳሱም ውስጥ ከምሰሶው ኋላ ተቀመጠች። አዲሱ ቀሚስ ሣጥን ገባ።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም። እናቷን ትወዳለች፤ የፈራችውም እናቷ መሣቂያ እንዳትሆን ነው። ነገር ግን «ሰው ምን ይላል» በሚለው ቃል ውስጥ ስለ እናቲቱ ነፍስ የተነገረ አንዳች ነገር እንደሌለ አስተዋይ ይመልከት። ኀፍረቱ የተፈራው ለልጆቹ ነው፤ የተሰጠው ስም ግን ጭምትነት ነው። የልጅ ኀፍረት የእናት ምግባር ሆኖ ሲቈጠር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ጭምትነትስ በውነት ምን ታዛለች ቢሉ፥ ሐዋርያው ጴጥሮስ በፊተኛይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3 የሴት ሽልማቷ ሹሩባና ወርቅ ሳይሆን በልብ ውስጥ ያለ የዋህነት እንዲሆን አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለሴት ሁሉ የተነገረ ነው፤ ለኮረዳ ፈቅዶ ባልቴትን የሚከለክል አንቀጽ የለበትም። ለትምህርቱ አብነት አድርጎ የጠራትም ሣራን ነው፤ አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበረ፥ ሣራም በዐሥር ዓመት ታንሰዋለች፤ እንኪያስ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ከስልሳ አምስት ዓመት አታንስም ነበር። ኦሪት ግን መልከ መልካምነቷን ያን ጊዜ ይመሰክርላታል፤ ለዕድሜዋ አያፍርላትም።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለቲቶ ሲጽፍ ባልቴቶችን ለይቶ ተናግሯል። አካሄዳቸው የተቀደሰ እንዲሆን፥ ሐሜት እንዲተዉ፥ ለብዙ ወይን ጠጅ እንዳይገዙ፥ ለቈነጃጅት በጎ ነገር እንዲያስተምሩ አዟል፤ የቀሚሳቸውን ቀለም አላነሣም። የባልቴቲቱን ጥለት አይታ ከጎረቤቷ ጋራ የምታማ ሴት ግን የተጻፈውን ሕግ አፍርሳ ያልተጻፈውን ታስከብራለች። ወንዶችም ከዚህ ሐሜት ንጹሓን እንዳልሆኑ የጠጅ ቤት ወንበር ያውቃል።

ዮዲትንም መዘንጋት አይገባም። ባሏ ምናሴ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ማቅ ለብሳ በጾም የኖረች መበለት ናት። ሕዝቧ በተከበበ ጊዜ ግን ማቋን አውልቃ፥ ታጥባ፥ ሽቱ ተቀብታ፥ አምባሯንና ጕትቻዋን አድርጋ ወደ ሆሎፎርኒስ ሰፈር ወረደች። ማቁም ጌጡም የአንዲት ሴት ነበረ፤ ሁለቱንም የለበሰችው ማንም ሳያስገድዳት ነው። መጽሐፉ በማቋ እንደሚያመሰግናት በጌጧም አይነቅፋትም፤ ምክንያቷን ያውቃልና።

ይህ ማለት ግን ባልቴት የለበሰችው ሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም። ልጆቿ ተርበው እርሷ ጥበብ ብታስለብስ፥ ወይም ዕድሜዋን ለመደበቅና ሌላውን ለማታለል ብትዋብ፥ የሚያስነቅፋት ነገር አለ። ዳሩ ግን ነቀፋው ያረፈው በጭካኔዋና በማታለሏ ላይ ነው፤ የሃያ ዓመት ሴትም ብታደርገው ያው ነው።

ስለ ወንድ ሽምግልና ይህ ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። ሽማግሌ ሲከበር ልብሱ ይጨምራል እንጂ አይቀነስም። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንትና የሊቃውንት የክብር ልብስ ሆኖ ሲኖር፥ ካባውም በወርቅ ዘቦ ሲያጌጥ፥ «ሽበትህ ከቀዩ ጋራ አይስማማም» ያለ ሰው አልተሰማም። ሽማግሌው ቄስም በበዓል ቀን በቀለም ያሸበረቀ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ይወጣል። ይህስ ለሰውየው ሳይሆን ለአገልግሎቱ ክብር ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። እንግዲያውስ ሰባት ልጅ ወልዳ፥ አሳድጋ፥ ድራ ለጨረሰች ሴት አገልግሎት የተሰፋው የክብር ልብስ የትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው።

የሌላውም አገር ልማድ ቢመረመር ነገሩ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከወግ የመጣ መሆኑ ይታያል። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ባሏ አልበርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ከሞተ ጀምራ በ1901 እስክትሞት ድረስ ጥቁር እንደ ለበሰች ኖረች። ያ የእርሷ ኀዘን ነበረ፤ አርአያዋን የተከተለው ወግ ግን ኀዘናቸው ላበቃ መበለቶችም ሸክም ሆነ። በጃፓን ደግሞ የልጃገረድ የበዓል ልብስ እጀ ረጅምና በቀለም የደመቀ፥ የባልቴት ግን ዝግ ያለ ነው፤ እስከዚህ የኢትዮጵያን ይመስላል። ነገር ግን በዚያው አገር ሰው 60 ዓመት ሲሞላው፥ ወንድም ሴትም ቢሆን፥ ቀይ ቆብና ቀይ እጀ ጉርድ የማልበስ የቈየ ልማድ አለ። ስለ ምን ቢሉ፥ የዓመታቱ ዙር ተፈጽሞ እንደ ሕፃን እንደ ገና ተወለደ ሲሉ ነው፤ ቀይ የሕፃን ቀለም ነውና። አንዱ ሕዝብ በስልሳ ዓመት የሚያወልቀውን ቀለም ሌላው በስልሳ ዓመት ያለብሳል።

በዚህ ሁሉ መካከል ጌጥ የማትሻ፥ እጅግም የምትከበር ባልቴት አለች። ድሪዋንና አልቦዋን ለሴት ልጆቿ አከፋፍላ፥ ቆብ ደፍታ፥ ጥለት የሌለው ሸማ ተከናንባ በቤተ ክርስቲያን ጥግ የምትቀመጠው ናት። ያ ልብሷ ከጥበብ ሁሉ ይበልጣል፤ ለምን ቢሉ፥ የምትወደውን በፈቃዷ ትታዋለችና። ነገር ግን ሰው የሚተወው በእጁ ያለውን ነው። በዓይን ጥቅሻና በጎረቤት ሣቅ ጌጧን የተገፈፈች ሴት አልመነነችም፥ ተቀማች እንጂ። ሁለቱ በአንድ አጥር ሥር ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሩቅ አይለዩም፤ ለዚህም ነው ቅሚያው ሳይታወቅ ብዙ ዘመን የኖረው። ንስሐ የሚቀበል አባት እንኳ ልዩነቱን ካልጠየቀ በቀር አያገኘውም።

ምሳሌይቱ ባልቴት ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተች ይባል። በአንዳንድ የገጠር አገር ለቅሶ ሲወጣ የሟች ልብስና ጌጥ ለለቅሶኛው ይታያል። ልጅቱም ሣጥኑን ከፍታ ከታች ታጥፎ የተቀመጠውን ቀሚስ አገኘች፤ አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም ነበር። ይዛው ወጣች፤ በአደባባዩም መካከል በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ዘርግታ፥ እናቷ እንዴት ያለች ቀጭን ፈታይ እንደ ነበረች እያነሣች አለቀሰች። ለቅሶኛው ሁሉ ቀዩንና አረንጓዴውን ጥለት አይቶ አብሯት አለቀሰ። ሰውም ምንም አላለ።