ያልሆንነውን ሆነን ስንታይ

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚመላለሱት ታክሲዎች ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ የእጅ መስቀል ይዞ የሚሳፈር ካህን ብዙ ሳይቆይ መስቀል የሚሳለም ሰው ያገኛል። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የምትመለስ ወጣት፣ ወደ ዱከም የምትሄድ እናት፣ አንዳንዴም ሒሳብ የሚሰበስበው ረዳት ራሱ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። ካህኑም መስቀሉን ዘርግቶ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይላል፤ ጉዞውም ይቀጥላል። ያ ካህን እኔ በምሆንበት ጊዜ ግን ከተሳላሚዎቹ አብዛኞቹ የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነኝ።

ታዲያ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ በክህነት ሳገለግል ግን ከልቤ አልወጣም፤ አንድ ጊዜም መልሱን ስቼ ሰው አሳዝኛለሁ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይገባል።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከታችን በሥርዓተ ግእዝ የሚመራ ነው። ቅዳሴው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ፣ የካህናቱም አለባበስ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን ጋር የጋራ ርስታችን ነው። ስለዚህ መንገደኛው በመጀመሪያ ጥምጥሙን አይቶ «ኦርቶዶክስ ናቸው» ይላል። ካቶሊክ መሆናችንን ሲሰማ ደግሞ ወዲያው ወደ ሁለተኛው ስሕተት ይሻገራል፤ «የፈረንጅ ሃይማኖት ይዛችሁ የእኛን ልብስ ለምን ትለብሳላችሁ?» ይላል። የመጀመሪያው ስሕተት በፍቅር የተደረገ ስለሆነ አይከብድም። ሁለተኛው ግን ያማል፤ የገዛ አያቶቻችንን ልብስ እንደ ተዋስነው፣ ይባስ ብሎም ለማታለል እንደ ለበስነው ያስቆጥረናልና።

ይሁን እንጂ ይህ ጥርጣሬ ከመሬት አልበቀለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ የሀገሩን ሥርዓት በላቲን ሥርዓት ለመተካት ተነሡ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በሕዝባችን ጆሮ የባዕድ ድምፅ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ለስሕተቱ ምክንያት የሰጠነው በከፊል እኛው ነን። ይህን ሳያምን ስለ አለባበሱ የሚከራከር ካቶሊካዊ ባይከራከር ይሻለዋል።

በ1839 የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ሌላ መንገድ መረጡ። የሀገሩን መነኰሳት ልብስ ለበሱ፤ ግእዝ ተማሩ፤ በሥርዓቱም ጸለዩ። ሆኖም ልብሱ መሸሸጊያ አልሆናቸውም፤ በ1840 ለዐድዋ ካህናት ከየት እንደ መጡና ስለ ምን እንደ መጡ በግልጽ ነግረዋቸዋል። በአንጻሩ አቡነ ማስያስ፣ ማለትም ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመድረስ በነጋዴ ልብስ ተሰውረው ተጉዘዋል። በስደት ዘመን ሕይወቱን የሚያድን ሰው የሚያደርገውን በሰላም ዘመን ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ልፈርድበት አልደፍርም፤ ለእኔ ግን ምሳሌ የሚሆኑኝ የመጀመሪያው ናቸው።

የሚገርመው፣ ይኸው ስሕተት በራሳችንም ቤት መኖሩ ነው። ለፋብሪካ ሥራ ወደ ገላን ከሚመጡት ምእመናን ብዙዎቹ ከወላይታ፣ ከሀድያና ከከምባታ የመጡ፣ በሥርዓተ ላቲን ያደጉ ናቸው። ሲመጡ የግእዙን ዜማ ይሰሙና «ተሳስተን ኦርቶዶክስ ገባን» ብለው የሚወጡ አጋጥመውኛል። እነዚህን እስከ በር ተከትሎ መመለስ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ባወጣው ስለ ምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት በሚናገረው ድንጋጌ ሥርዓቶቹ ሁሉ በክብር እኩል መሆናቸውን አስተምሯል።

በተማሪነቴ ዘመን የማውቀው አንድ ስኮትላንዳዊ ካህን በሀገሩ ጠባቂ በቅዱስ እንድርያስ በዓል ኪልት የሚባለውን የአባቶቹን ጉርድ ልብስ ይለብስ ነበር። መንገደኞች «የሴት ቀሚስ ለበሰ» እያሉ ይሥቁበታል። እርሱም አብሮ ይሥቅ ነበር፤ ምንም እንኳ የደጋው ልብስ ከ1746ቱ ሕግ ጀምሮ እስከ 1782 ድረስ በመንግሥት የተከለከለ፣ ሰዎች የታሰሩበት ልብስ ቢሆንም። «ለሚሥቅ ሁሉ ታሪክ አልተርክም፤ ሊሰማ ለሚጠይቅ ግን እቀመጣለሁ» ይለኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ ይህን ምክር ለራሴም የሚበቃ መልስ አድርጌ ይዤው ኖርሁ። ሱሉልታ ላይ ግን አልበቃኝም።

ከምእመናኖቻችን የአንዱ የሥራ ባልደረባ አባቱ ዐርፈውበት ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ገባሁ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ከካህናት ተርታ አስቀመጠኝ፤ ጸሎት እንዳደርግም ተለመንሁ። በግእዝ ጸለይሁ። በዚህ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። ኋላ ግን የሟቹ የበኵር ልጅ ወደ ጓሮ ወሰደኝና አባቱ ከወንድማቸው ጋር በመሬት ምክንያት እንደ ተጣሉ፣ ሳይታረቁም እንደ ሞቱ፣ እርሱ ራሱ በዚያ ጠብ ውስጥ ምን እንዳደረገ እያለቀሰ ነገረኝ። ለንስሐ አባት ብቻ የሚነገር ነገር ነበር። «ልጄ፣ ቆይ፣ እኔ ማን እንደ ሆንሁ ልንገርህ» ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ልቡን እንዳልሰብረው ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መከበሬም ደስ ብሎኝ ነበር። ዝም አልሁ። ከሳምንት በኋላ ከባልደረባው ሰማ። ስንገናኝ አልተቆጣም፤ «አባ፣ ጸሎትዎን አልጠላሁትም። የነገርሁዎት ግን ለእርስዎ አልነበረም» አለኝ።

ይህ ቃል ልዩነቱን በራሱ ለየልኝ። በሐዋርያት ሥራ ሁለት ታሪኮች አሉ። በልስጥራ ሕዝቡ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት መስለዋቸው በሬ ሊሠዉላቸው ሲያመጡ ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀድደው ሰዎች መሆናቸውን ጮኹ። በመላጥያ ደሴት ግን እፉኝት የጳውሎስን እጅ በያዘች ጊዜ ሰዎቹ መጀመሪያ ነፍሰ ገዳይ ነው አሉት፤ ምንም ሳይሆን ሲያዩት ደግሞ አምላክ ነው አሉ። መጽሐፉ ጳውሎስ በዚያ መለሰ አይልም። በመላጥያ የነበረው የሰዎች ወሬ ነው፤ በልስጥራ ግን ለሌላ የሚገባ መሥዋዕት ወደ እጃቸው እየመጣ ነበር። ቅዱስ ቶማስም እውነተኝነትን ከፍትሕ ጋር አያይዞ ያስተምራል፤ መዋሸት ከቶ አይፈቀድም፤ እውነትን በጥበብ መሰወር ግን ይቻላል ይላል። እኔም እንዲህ እረዳዋለሁ፦ መንገደኛው ስለ እኔ የሚያስበው የእርሱ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው መስዬው ምሥጢሩን፣ ስለቱን ወይም ውሳኔውን በእጄ ሲያኖር ዝምታዬ መውሰድ ይሆናል። መስቀሉን የሚሳለም የሚሳለመው ክርስቶስን ነው፤ መስቀሉ የእኔ አይደለምና ከእርሱ የምወስደው ነገር የለም። የሱሉልታው ልጅ ግን የሰጠው ነገር ነበረ፤ እኔም ተቀበልሁት።

ይቅርታ ልጠይቀው በአርባው ሄድሁ። አስገባኝ፤ ምግብም ቀረበልኝ። ስለዚያ ነገር አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

ባለፈው ዓመት ታክሲ ውስጥ አንዲት አረጋዊት እናት መስቀል ከተሳለሙ በኋላ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የታጠፈ ብር አወጡና «ለደብርዎ ለእመቤታችን ስለቴን ያድርሱልኝ» አሉኝ። እጄን ሰበሰብሁ። «እማማ፣ እኔ የካቶሊክ ካህን ነኝ፤ ስለትዎ ካሰቡት ቦታ አይደርስም» አልኋቸው። ቀና ብለው ጥምጥሜን፣ ካባዬን፣ መስቀሌን በየተራ አዩ። ብሩን መልሰው ቋጠሩት። ትንሽ ዝም ብለው፣

«እመቤታችንን ትወዷታላችሁ?» አሉ።

«እንወዳታለን፣ እማማ።»

«ታዲያ ስለምን ተለያያችሁ?»

ረዳቱ «ገላን ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። መልሱን ስፈልግ ታክሲው ቆመ፤ ወረድሁ።