ለሽቅቡ የሚተርፍ ነዳጅ

በአሜሪካ፣ ሞዴል አውሮፕላን በሚበርበት አንድ ሜዳ ዳር፣ አንድ ወጣት ተንበርክኮ የትንሿን አውሮፕላኑን ሞተር ካርቡሬተር ያስተካክል ነበር። የነዳጁን መርፌ በጥቂት በጥቂቱ ሲያጠብ የሞተሩ ድምፅ ከማጉረምረም እየጠራ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ በደቂቃ 12,000 ዙር ገባ። ከዚያ በላይ ቢያጠብ ፍጥነቱ መውረድ ይጀምራል። እዚያው ጫፍ ላይ ተወውና ፊቱ በደስታ በራ።

አጠገቡ የቆሙ ሽማግሌ «ልጄ፣ እስኪ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርገህ ያዛት» አሉት።

አቅፎ ቀጥ ሲያደርጋት ሞተሩ ሰለለ፣ ተንተፋተፈና ጠፋ።

«አባቴ፣ አሁን እኮ እንደዚያ ሲሮጥ ሰምተውታል!»

«ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ታንኩና ካርቡሬተሩ እኩል ናቸው። ሽቅብ ስትወጣ ግን ታንኩ ከታች ይቀራል፤ ሞተሩ ነዳጁን ወደ ላይ መሳብ አለበት። ለዚያ የሚሆን አላስተረፍክለትም። ዘይቱስ? ይሄ እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለውም። ሜታኖሉ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህል የተቀላቀለው ዘይት ነው ፒስተኑን የሚያለሰልሰው። ነዳጁን በቀነስክ ቁጥር ዘይቱንም ትቀንሳለህ፤ ድምፁ ሲያምርልህ ውስጡ እየጋለ፣ እየተፋቀ ነው።»

ሞተሩን አስነስተው ፍጥነቱ በደቂቃ በ200 ወይም በ300 ዙር እስኪቀንስ መርፌውን ከፈት አደረጉት። ድምፁ ጎርነን አለ። ከማርሚታው ስስ ጭስ ወጣ። ወጣቱ አሁንም አፍንጫዋን ሽቅብ አነሳት፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ከመጥፋት ይልቅ ትንሽ ፈጠነ። ከዚያ በኋላ ነው እንድትበር የፈቀዱለት።

እኔ ይህን የማነሳው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ላላቸው ወላጆች ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ልጆች ብሔራዊ ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ከቤታቸው ርቀው፣ ባልለመዱት አልጋ አድረው ነው። ሽቅቡ ይሄ ነው። እኛ ግን ልጁን የምንለካው ቤቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ በሚሠራው የሙከራ ፈተና ነው። ነጥቡ ከፍ እንዲል ተጨማሪ የጥናት ሰዓት እንፈልጋለን፤ ሰዓቱን የምናመጣው ደግሞ ከእንቅልፉና ከጨዋታው ቀንሰን ነው። እንደ ሞተሩ ዘይት ልጁን ሳይቃጠል የሚያቆየው ግን ያው እንቅልፍና ጨዋታ ነበር። ስለዚህ ልመናዬ፣ ፈተናው ከመድረሱ ሳምንታት በፊት እንቅልፉን መልሱለት፤ የሙከራ ውጤቱ ሁለት ሦስት ነጥብ ቢወርድም እንኳ።