ቤቱ የሱ፣ ትንፋሹስ?

ሱለይ ውስጥ በሰው ቤት የምንሠራ ልጆች ስንገናኝ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የምትል አትጠፋም። ናፍቆት ነው እንላለን። ናፍቆትም አለ፤ ግን ከመጅሊስ የሚመጣው የሲጋራና የሺሻ ጭስም አለ። ኒኮቲን ያነቃል እንጂ አያስተኛም፤ ጭሱም ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ለማያጨስ ሰውም ይተርፋል።

«በገዛ ቤቱ ቢያጨስ ምን አገባን?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ቤቱ የሱ ነው። ለኛ ግን የሥራ ቦታችንም መኝታችንም እዚያው ነው። የሀገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታ ማጨስን የከለከለው የሠራተኛም ትንፋሽ ዋጋ ስላለው ነው። የቢሮ ሠራተኛ እንኳ ጭስ ቢበዛባት ማታ ቤቷ ትገባለች፤ እኛስ የት እንገባለን?

ደሞዝ የሚከፈለን ለጉልበታችን ነው፤ እንቅልፋችንን አልሸጥንም። አታጭሱ ማለት ባንችል፣ በሩ ይዘጋልኝ፣ መኝታዬ ከጭሱ ይራቅልኝ ብሎ በትህትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም።