ጭንቀትና ስንፍና አይምታታብሽ

ልጄ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ሲመጣ መክሳትሽን አይቻለሁ። መጽሐፉን ገልጠሽ አንዱን መስመር ደጋግመሽ ታነቢያለሽ። ከዚያ ስልክሽን ታነሻለሽ። ማታ ላይ ደግሞ «እኔ ሰነፍ ነኝ» እያልሽ ራስሽን ትረግሚያለሽ። ተይ ልጄ። የያዘሽ ጭንቀት ነው።

ሐሳባችንን የሚሰበስበው፣ «ቆይ፣ ተይ» ብሎ እጃችንን የሚይዘው፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። መጠነኛ ስጋት አይጎዳውም፤ እንዲያውም ያነቃዋል። ስጋቱ ሲበዛ ግን ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የሚባሉት ኬሚካሎች ከልክ ያልፉና ይህ ክፍል ይዳከማል። ያን ጊዜ አደጋን የሚያሸተው አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ይበረታል። ራስን መግዛትም ይከብዳል።

ደግሞም አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። «ብወድቅስ? እናቴ ምን ትላለች?» የሚለው ሐሳብ ያችኑ ጥቂት ቦታ ይሻማል። ለሒሳቡ የሚተርፈው ያንሳል። ያጠናሽው የጠፋ ይመስልሻል እንጂ አልጠፋም።

ስልኩ ለጊዜው ያሳርፍሻል፤ አውቃለሁ። ግን ዛሬ የሸሸሽው ምዕራፍ ነገ የበለጠ ያስፈራሻል። መሸሽ ልማድ ይሆናል። ልማድ ከሆነ በኋላ ለመተው ያስቸግራል።

ስለዚህ ስታጠኚ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ሌሊቱን በቡና አትግፊው። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ፍርሃቱን መግራት ያቅተዋል፤ ቡናው ደግሞ የልብ ትርታሽን ያፈጥነዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ስጋታቸውን በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይ ፈተና አብዝተው የሚፈሩቱ፣ የተሻለ ውጤት አመጡ። አንቺም የሚያስፈራሽን ሁሉ ሳትደብቂ ጻፊው። ማንም አያየውም። ቀደሽ ብትጥይውም ግድ የለም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ጭንቀቱ አልለቅ ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳሽ፣ ለእናትሽ ንገሪ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ነውር የለበትም።

አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ፈተናው አያቅትሽም። ዛሬ ማታ እባክሽ በጊዜ ተኚ።